ከአንድ ግንባር ጀርባ ሁለት ቤት፦ የአምስተርዳሙ ትሪፐንሃውስ

የቦይ ዳር | አምስተርዳም

ሰላም ለሁላችሁም። እንጀራዬ በብስክሌት ዕቃ ማድረስ ነው። ስለዚህ የዚህችን ከተማ አሮጌ ቤቶች ውስጣቸውን ባላውቅም በራቸውን አውቀዋለሁ። ከሁሉም ስለ አንዱ መጻፍ ፈለግሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሎቬኒርስቡርኽዋል በሚባለው ቦይ ዳር፣ ቁጥር 29 ላይ፣ ግራጫ ድንጋይ የለበሰ ግዙፍ ቤት አለ። ትሪፐንሃውስ ይባላል። የአምስተርዳም የድሮ ቤት በአብዛኛው ጠባብ፣ ወደ ላይና ወደ ኋላ የረዘመ፣ የጠቆረ ጡብ ነው። ይህኛው ግን 22 ሜትር ወርድ አለው። ስምንት ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ያሉ ጠፍጣፋ ምሰሶዎች ፎቆቹን ሁሉ አልፈው ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ራስጌያቸው ላይ በቆሮንቶስ ስልት ቅጠል ተቀርጿል። ከዚያ በላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ጌጥ አለ። ቤተ መንግሥት ነው ብትሉ አይፈረድባችሁም፤ የነጋዴ ቤት ነው።

ይበልጥ የሚገርመው አንድ ቤት አለመሆኑ ነው። ሉዊ ትሪፕና ሄንድሪክ ትሪፕ የተባሉ ወንድማማቾች ከ1660 እስከ 1662 ጎን ለጎን ያሠሯቸው ሁለት ቤቶች ናቸው፤ ግንባራቸውን ብቻ አንድ አድርገውታል። በስምንቱ ምሰሶዎች መካከል ሰባት የመስኮት ረድፍ አለ። መካከለኛው ረድፍ የውሸት ነው። ከመስኮቶቹ ኋላ ክፍል የለም፤ ሁለቱን ወንድማማቾች የሚለየው ግድግዳ ነው ያለው። ስንት ጊዜ በፊቱ ሳልፍ እንዳልነቃሁበት ስታውቁ ትስቃላችሁ።

ቀና ስትሉ ደግሞ የጭስ ማውጫዎቹ በአዳፍኔ መድፍ ቅርጽ ተሠርተዋል። የቤቱ ባለቤቶች የጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ነበሩ፤ የስዊድንን የብረት መድፍ ያስመጡና ለገዢ ይሸጡ ነበር። በጌጡ ውስጥ መድፍና የመድፍ ጥይት ተቀርጿል፤ አጠገቡም የወይራ ዝንጣፊ! መድፍ እየሸጡ የሰላም ቅጠል ግንባር ላይ መለጠፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ከቦዩ ማዶ፣ ቁጥር 26 ላይ፣ ትንሹ ትሪፐንሃውስ የሚሉት ቤት አለ። ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የትሪፖች ሠረገላ ነጂ በጌቶቹ በር ልክ የሚሆን ቤት ቢኖረው እንደሚበቃው ሲናገር ጌታው ሰምቶ በተረፈው ድንጋይ አሠራለት ይባላል።

የምታውቁትን ጨምሩበት። በተለይ ስለ ውሸቱ መስኮት የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ።


ጠያቂ | አዳማ

ፎቶግራፉን ፈልጌ አየሁት፤ ያምራል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ወንድማማቾቹ እኩል ከተካፈሉ ወሰናቸው መሐል ላይ መውደቁ ግድ ነው። ታዲያ በሰባት ረድፍ መስኮት ፈንታ ስድስት ወይም ስምንት ቢያደርጉት፣ የወሰኑ ግድግዳ ከምሰሶ ጀርባ ይገባና የውሸት መስኮት ባላስፈለገ ነበር። አርክቴክቱ መቁጠር አይችልም ነበር?


ግንበኛው | አዲስ አበባ

ልጄ፣ አርክቴክቱ መቁጠር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ጣጣውን ያመጣበትም ይኸው ነው። ስሙ ዩስቱስ ፊንግቦንስ ይባላል። በዚያ ዘመን የሆላንድ አርክቴክቶች የሚመሩት በጣሊያኖቹ በፓላዲዮና በስካሞዚ መጻሕፍት በኩል በደረሳቸው የጥንት ሮማውያን ሥርዓት ነበር። በዚያ ሥርዓት የሕንፃ ግንባር መሐሉ ክፍት መሆን አለበት፤ ምሰሶ አይቆምበትም። የጥንት ቤተ መቅደሶችን ፊት ቁጠር፤ ምሰሶዎቹ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት ናቸው። ምሰሶው ጥንድ ሲሆን ክፍተቱ ጎዶሎ ይሆናል፤ በመካከለኛው ክፍተት በር ይገባል፣ ዓይንም እዚያ ያርፋል። አንተ እንዳልከው ስድስት ረድፍ ቢያደርገው መሐሉ ላይ ምሰሶ ይገተርና የመንገደኛው ዓይን ወዲያው ቤቱን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ወንድማማቾቹ ደግሞ እንዲታይላቸው የፈለጉት አንድነታቸው ነው።

ስለዚህ ፊንግቦንስ በሁለት ጌታ መካከል ወደቀ። ሥርዓቱ መሐሉን ክፈት አለው፤ ባለቤቶቹ መሐሉን ዝጋልን አሉት። ከውጭ ከፈተው፣ ከውስጥ ዘጋው። በሥራ ዘመኔ ከውጭ አንድ መስሎ ከውስጥ ሁለት የሚሆን ቤት ንደፍልን ያሉኝ ወንድማማቾች ገጥመውኛል፤ እኔ ግን እንደ እሱ የሚያምር መልስ አላገኘሁም።

ይህ ሰው ከዚያ በፊት፣ በ1650ዎቹ፣ ስቶክሆልም ሄዶ የስዊድን መኳንንት መሰብሰቢያ በሆነው በሪዳርሁሴት ላይ ሠርቷል። የዚያን ሕንፃ ግንባር ያየ ሰው ከታች እስከ ላይ የሚወጡት የቆሮንቶስ ምሰሶዎች ከየት እንደመጡ ይገባዋል። ወንድሙ ፊሊፕስም ከእሱ የበለጠ ስም ያለው አርክቴክት ነበር። ካቶሊክ ስለነበር የመንግሥት ሥራ አያገኝም ነበርና ጉልበቱን ሁሉ በነጋዴዎች መኖሪያ ቤት ላይ አዋለው። በ1638 ሄረንግራኽት በሚባለው ቦይ ዳር፣ ቁጥር 168 ላይ የሠራው ቤት፣ አናቱ መሐሉ ላይ እንደ አንገት ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ከግራና ከቀኝ በድንጋይ ጥቅልል የታጀበ ነው። ዛሬ በየቦዩ ዳር የምታዩት የአንገት ቅርጽ አናት ሁሉ የጀመረው ከዚያ ቤት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ፋሽን ደረጃ ደረጃ ያለው አናት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ የደወል ቅርጽ ያለው ነው። አናቱን ብቻ አይቶ የአንድን ቤት ዕድሜ በግምት መናገር ይቻላል። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ባለቤቶች አሮጌውን ቤት ሳይነኩ ግንባሩን ብቻ እንደየዘመኑ እያስለወጡ ኖረዋል።


ኤልሳ | ዱባይ

ጋሽ ግንበኛው፣ እጅዎ ይባረክ። ባለፈው ዓመት ለጉብኝት ሄጄ ነበር። የገባኝ ነገር ቢኖር ከተማው ውሃ ላይ መሆኑ ነው፤ ያልገባኝ ያ ሁሉ ድንጋይና ጡብ ውሃ ላይ እንዴት እንደቆመ ነው። ደግሞስ ቤቶቹ ለምንድን ነው ወደ መንገዱ ያዘነበሉት? አንዳንዱማ ሊወድቅብኝ ነው ብዬ መንገድ ቀይሬያለሁ።


ግንበኛው | አዲስ አበባ

ጥያቄሽን ስጠብቀው ነበር። እኔ ከመሬት በታች ያለውን ነው የምወደው።

አምስተርዳም የተቀመጠችው ዕፅዋት በስብሶበት በተፈጠረ ረግረጋማ አፈርና በለስላሳ ጭቃ ላይ ነው። ቤት የሚሸከም አሸዋ የሚገኘው 12 ሜትር ገደማ ሲወረድ ነው። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የሚዘልቅ የጥድ ግንድ፣ ቀጭን ጫፉ ወደ ታች ሆኖ፣ ይተከላል። ግንዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በግድግዳው መስመር ይሰለፋሉ፤ በየጥንዱ ላይ አግዳሚ እንጨት፣ በአግዳሚዎቹ ላይ ወፍራም ሳንቃ ይጋደማል። የጡብ ግንብ የሚጀምረው ከሳንቃው ላይ ነው። ሞተር ባልነበረበት ዘመን ሠላሳ የሚሆን ሰው በገመድ ከባድ ጉማጅ ወደ ላይ እየሳበ በግንዱ ራስ ላይ ይለቀው ነበር። ጉልበታቸው እኩል እንዲያርፍ አለቃው ዜማ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። በዳም አደባባይ ያለው የቀድሞው ማዘጋጃ ቤት፣ የዛሬው ቤተ መንግሥት፣ ግንባታው በ1648 ሲጀመር 13,659 ግንድ ተተክሎለታል። የሆላንድ ተማሪዎች ይህን ቁጥር የሚይዙት የዓመቱን ቀናት 365 ጽፈው ከፊቱ 1፣ ከኋላው 9 በመጨመር ነው።

እንጨት እንዴት ይህን ያህል ዘመን ቆየ ብትዪኝ፣ የግንዱ ራስ ከከርሰ ምድር ውሃው በታች እንዲቀር ተደርጎ ስለሚቆረጥ ነው። ውሃ ውስጥ አየር ስለማያገኝ ፈንገስ አይበላውም። ባክቴሪያ ይነካዋል፤ እሱ ግን ቀስ ይላል። ጥፋት የሚመጣው ውሃው ሲጎድል ነው። የግንዱ ራስ ለአየር ከተጋለጠ ይበሰብሳል፤ አንዱ ጥግ ይሰምጣል፤ ቤቱም ወደ ጎን ይጋደላል።

ወደ ፊት ማዘንበሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ምክንያቱ ላይ የሙያው ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ዝናብ ግድግዳውን እንዳያጠግበው ነው የሚል አለ፤ በገመድ የሚወጣ ዕቃ መስኮትና ጌጥ እንዳይመታ ነው የሚል አለ፤ ድሮ ቤቱ ከእንጨት በነበረበት ጊዜ እያንዳንዱ ፎቅ ከታችኛው ትንሽ ወጣ ብሎ ይሠራ ስለነበር የዚያ ልማድ ቅሪት ነው የሚልም አለ። እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ። ልማድ መጀመሪያ ይመጣል፤ ምክንያት በኋላ ይፈለግለታል።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህን ቤቶች የሚሸከመው ግንባራቸው አይደለም። የወለሉ አግዳሚ እንጨት ከግራ ጎን ግድግዳ ወደ ቀኝ ጎን ግድግዳ ነው የሚዘረጋው፤ ክብደቱ የሚወርደው በጎኖቹ ነው። ግንባሩ ስስ ስለሆነ በብረት ማያያዣ ከውስጥ ከእንጨቱ ጋር ይታሰራል። ጡቡ ላይ የሚታየው ጥቁር ብረት የዚያ ማያያዣ ጫፍ ነው። መስኮቱ እንዲያ የሰፋውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ግንባሩ ሸክም ስለሌለበት እንደልብ ይከፈታል፣ ጡብ በቀነሰ መጠንም መሬቱ ይገላገላል።


ሮማን | ዩትሬኽት

ወደ ፊት ስላዘነበለው ግድግዳ እኔም የምናገረው አለኝ፤ እንዲህ ካለ ቤት አናት ላይ ተከራይቼ ኖሬያለሁና።

ደረጃው ደረጃ አይባልም። እግር ሙሉ በሙሉ አያርፍበትም፤ በጎን እየረገጡ ገመድ ይዞ መውጣት ነው። ስወርድ እንደ ሕፃን ፊቴን ወደ ደረጃው አዙሬ ነበር። በዚህ ደረጃ ሶፋ ይወጣል ብሎ የሚያስብ የለም። የገባሁ ቀን ሦስት የሀገራችን ልጆች ሊያግዙኝ መጡ። በቤቱ አናት ላይ ወደ መንገዱ የወጣ እንጨት አለ፤ ጫፉ ላይ መንጠቆ ተሰክቷል። እዚያ ላይ መዘውር ሰቀሉና ገመዱን አሳለፉበት፤ ሶፋዬን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አሰሩት። ሁለቱ ከታች ሆነው ሲጎትቱ አንዱ ከላይ የመስኮቱን ክፈፍ ከነመስታወቱ ነቅሎ ጠበቀ። ሶፋው እየተሽከረከረ ወጣ። ግድግዳውን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካም! ከላይ ሆኜ ሳየው ከግድግዳው ርቆ ተንጠልጥሏል፤ መስኮታችን ደጃፍ ሲደርስ ግን እጅ ውስጥ ገባ። ጋሽ ግንበኛው፣ እርስዎ ወደ ሦስተኛው ቢያደሉም እኔ ሁለተኛውን በዓይኔ አይቻለሁ።

የወለሉን ነገር አታንሱት። የወደቀ እስክሪብቶ ሁልጊዜ የማገኘው በአንድ ጥግ ነው። የአልጋዬን ሁለት እግሮች በሳንቃ ቁራጭ አስደግፌ ነበር። ግድግዳው ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ ብዬ አከራዬን ስጠራው፣ ቤቱ ከእኛ ሁለታችን በፊት ነበር፣ ከእኛ በኋላም ይኖራል ብሎኝ ሄደ። ኪራዩን ሲጨምር ግን ስለ ቤቱ ዕድሜ አላነሳም።


ግንበኛው | አዲስ አበባ

ሮማን ልጄ፣ የዓይን ምስክርን አልከራከርም። ይሁን እንጂ መንጠቆው የተሰቀለው ለሶፋ አልነበረም። የነጋዴው ቤት መጋዘንም ነበር። ቆጡ ላይ እህል፣ ቅመም፣ እንደ ማገዶ የሚነድ ደረቅ የረግረግ አፈር ይከማች ነበር፤ እርጥበት ከታች ስለሚመጣ ውድ ዕቃ ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። አንቺ የተኛሽበት ክፍል ምናልባት የቁንዶ በርበሬ ማደሪያ ነበር።


መዝገቡ | ጎንደር

የታሪክ መምህር ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። የሠረገላ ነጂው ታሪክ ቆንጆ ነው፤ ዘመኑ ግን አይገጥምም። ትንሹ ቤት የተሠራው በ1696 ነው። ሄንድሪክ ትሪፕ የሞተው በ1666፣ ሉዊ ትሪፕ በ1684 ነው። ቤቱ ሲሠራ ሁለቱም ጌቶች በሕይወት አልነበሩም። የተረፈ ድንጋይ ነው እንዳይባል ደግሞ ትልቁ ቤት ካለቀ 34 ዓመት አልፎታል። ድንጋዩ የት ተቀምጦ ጠበቀ?

ተመሳሳይ ተረት ለየከተማው አለ። ጠባብ ቤት ከሰፊ ቤት ፊት ለፊት ካለ ሕዝብ በመካከላቸው ጌታና አሽከር ያስቀምጣል። የሚገርመው ተረቱ ለጌታው ማድላቱ ነው፤ ደግ ጌታ፣ አመስጋኝ አሽከር።

የቤቱ እውነተኛ ታሪክ ከተረቱ አያንስም። የሆላንድ ብሔራዊ ሙዚየም የሆነው ራይክስሙዚየም ዛሬ ያለበት ሕንፃ ከመከፈቱ በፊት ከ1817 እስከ 1885 የተቀመጠው በትሪፐንሃውስ ውስጥ ነበር። የሆላንዱ ሠዓሊ የሬምብራንት «የሌሊት ዘብ» የተሰቀለው በመድፍ ነጋዴዎች ሳሎን ነበር ማለት ነው። ያ ሥዕል ከዚያ ቀደም ብሎ በ1715 ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲዛወር ለግድግዳው ረዝሞ ስለተገኘ ዳር ዳሩ ተቆርጧል። እንግዲህ ሥዕልን ለግድግዳ ሲሉ የሚቆርጡ ሰዎች ናቸው፤ ለውጭ መልክ ሲሉ የውሸት መስኮት ቢሠሩ አይድነቀን። ዛሬ ቤቱ የሆላንድ የሳይንስ አካዳሚ መቀመጫ ነው።


ኤልሳ | ዱባይ

መምህር፣ ያንን ካፈረሱልን ይህንንም ይመልከቱልኝ። አስጎብኚያችን ቤቶቹ የጠበቡት ግብር በወርድ ልክ ይከፈል ስለነበር ነው ብሎናል። እውነት ነው?


መዝገቡ | ጎንደር

አስጎብኚዎች ሁሉ የሚሉት ነው። በሆላንድ ግዛት ዋናው የቤት ግብር የሚሰላው ቤቱ ሊከራይ ከሚችልበት ዋጋ ነበር እንጂ ከወርዱ አልነበረም። የመጥበቡ ምክንያት ሌላ ነው። ሁሉም ነጋዴ ጀልባ በሩ ድረስ እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ የውሃ ዳር መሬት ግን የተወሰነ ነው። ከ1613 ጀምሮ ትልልቆቹ ቦዮች ሲቆፈሩ ከተማው ዳርቻቸውን በቁራሽ በቁራሽ ሸጠ፤ በእነ ሄረንግራኽት አንዱ ቁራሽ ወደ 30 የአምስተርዳም ጫማ፣ ማለትም ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። ጋሽ ግንበኛው እንዳሉት የወለሉ እንጨት ከጎን ወደ ጎን ስለሚዘረጋ፣ የእንጨቱ ርዝመትም ወሰን ያበጅለታል። ሀብታም የሆነ ሁለት ቁራሽ አጋጥሞ ይገዛል።

ጠባብ ቤት የምር ማየት የሚፈልግ ከትሪፐንሃውስ ጥቂት ደቂቃ ተጉዞ አውደ ሆኽስትራት ቁጥር 22ን ይይ። ሁለት ሜትር ወርድ፣ ስድስት ሜትር ያህል ጥልቀት። ሲንግል ቁጥር 7 ላይ ባለ አንድ ሜትር ግንባር ፊት ፎቶ ለመነሳት የሚሰለፉት ግን የቤቱን ጀርባ ነው የሚያነሱት፤ ቤቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ይሰፋል።


ነገረኛው | ዋሽንግተን ዲሲ

ሁሉንም አነበብኩ። ምሰሶው፣ ጥዱ፣ ሶፋው፤ ደስ ይላል። ግን ሰው ለማጨራረሻ መድፍ የሸጡ ወንድማማቾችን ቤት እንዲህ እያቆለጳጰስን የምናወራው ለምንድን ነው? ደግሞ ጎረቤታቸውን አልጠቀሳችሁም። አውደ ሆኽስትራት ላይ ከዚያ ከጠባቡ ቤት አጠገብ ያለው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ንግድ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ነበር። ቅመሙ በምን መንገድ እንደመጣ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ያሉትን የባንዳ ደሴቶች ሕዝብ መጠየቅ ነው፤ በ1621 ለገውዝ ሲባል ተጨፍጭፏል። «ወርቃማው ዘመን» ይሉታል። ለማን?


የቦይ ዳር | አምስተርዳም

ወንድሜ፣ ጥያቄህ እዚህም ይጠየቃል። የአምስተርዳም ሙዚየም በ2019 «ወርቃማው ዘመን» የሚለውን አጠራር ለ17ኛው ክፍለ ዘመን መጠቀም አቁሜያለሁ ብሏል። ከንቲባዋ ፌምከ ሃልሰማ ደግሞ በሐምሌ 1 ቀን 2021 ከተማዋ በባሪያ ንግድ ለነበራት ድርሻ ይቅርታ ጠይቃለች። ያስደሰተውም አለ፣ ያስቆጣውም አለ። ዕቃ ካደረስኩላቸው ሰዎች ጋር ደጃፍ ላይ ቆሜ ስከራከር ሥራ ያረፈድኩበት ቀን አለ።

ማቆለጳጰስ ግን ምኑ ላይ ነው? እኔ የጻፍኩት የመድፍ ቅርጽ ያለው ጭስ ማውጫ አለ ብዬ ነው። ሰዎቹ አልደበቁትም፤ እኛም አንደብቅላቸው።


ነገረኛው | ዋሽንግተን ዲሲ

አልደበቁትም አልክ? የወይራው ዝንጣፊ ምን ሊሆን ነው ታዲያ?


መዝገቡ | ጎንደር

ነገረኛው ጥሩ ያዘው። እኔ የምለው የቤቱን ውስጥም ተመልከቱ ነው። ሄንድሪክ ትሪፕ ስዊድን ውስጥ ዩሊታ በሚባል ቦታ የመድፍ ማቅለጫ ነበረው። አላርት ፋን ኤፈርዲንገን የተባለው ሠዓሊ ያንን ማቅለጫ በትልቅ ሸራ ሥሎታል፤ ሥዕሉ እዚህ ቤት ውስጥ ነበር፣ ዛሬ ራይክስሙዚየም ነው ያለው። ጫካው፣ ጅረቱ፣ የእንጨት ዳሶቹ፣ ጭሱ። ከውጭ ላለፈ ወይራ ጨመሩበት፤ ከውስጥ ለሚበላ እንግዳ ግን ፋብሪካውን አሳዩት። ሰው ስለ ራሱ የሚያስበውን የሚሰቅለው መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ይመስለኛል።


ኤልሳ | ዱባይ

ጋሽ ግንበኛው፣ አንድ የቀረኝ፦ እንጨቱ ከበሰበሰስ? ቤቱን ያፈርሱታል?


ግንበኛው | አዲስ አበባ

አያፈርሱትም፤ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ስለሆነ ማፍረስም አይፈቀድ። የምድር ቤቱን ወለል ያነሱና፣ ከውስጥ ሆነው የብረት ቱቦዎችን እየቀጣጠሉ እስከ አሸዋው ድረስ ይሰዳሉ። ከዚያ የጎን ግድግዳዎቹን በየቦታው እየቦረቦሩ ጠንካራ የኮንክሪት ወለል ይገነባሉ፤ ወለሉ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ግድግዳውን ይሸከማል። አሮጌው ጥድ ከዚያ በኋላ ጡረታ ይወጣል። ወጪው ብዙ ጊዜ መቶ ሺህ ዩሮ ገደማ ነው። የጎን ግድግዳው የጎረቤትም ስለሆነ ጎረቤት ካልተስማማ ነገር ይመጣል።

ጥንቃቄ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በ2008 ታይቷል። አዲሱ የሜትሮ መስመር ሲቆፈር ፋይዘልግራኽት ላይ የጉድጓዱ ግድግዳ አፈሰሰ፤ ውሃው አሸዋውን ይዞ ሲወጣ ከላይ ያሉት የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሸማኔ ቤቶች ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሰመጡ። ነዋሪዎቹ ወጡ። ቤቶቹ በኋላ ተጠግነዋል፤ መስመሩም በ2018 ተከፍቷል።


የቦይ ዳር | አምስተርዳም

የቦዮቹ ዳርቻም የቆመው በዚያው እንጨት ላይ ነው። በመስከረም 1 ቀን 2020 ክሪምቡርኽዋል ላይ የቦዩ ግንብ ከነእግረኛ መንገዱ ተንዶ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ከትሪፐንሃውስ ሩቅ አይደለም። አሁን በየቦዩ የብረት መደገፊያ ተተክሏል፤ ከባድ መኪና የተከለከለባቸው መንገዶች በዝተዋል። ለብስክሌተኛ ሥራ ጨምሮለታል፤ ይህን ስል አከራይ እንዳይሰማኝ።


ጠያቂ | አዳማ

አንድ ቀን ብመጣ ትሪፐንሃውስ ውስጥ ያስገቡኛል?


የቦይ ዳር | አምስተርዳም

አካዳሚው የሚሠራበት ቤት ነው፤ እንደ ሙዚየም በየቀኑ የሚገባበት አይደለም። የዚያን ዘመን ቤት ውስጡን ማየት ከፈለግህ ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄደህ ዮደንብሬስትራት ቁጥር 4 ግባ፤ የሬምብራንት ቤት ነው። በ1606 ገደማ የተሠራ ሲሆን ሬምብራንት በ1639 በ13,000 ጊልደር ገዛው። ከፍሎ አልጨረሰውም። በ1656 ሲከስር ያለው ሁሉ ክፍል በክፍል ተመዘገበ፤ መዝገቡ 363 መስመር አለው። ቤቱ በ1658 በ11,218 ጊልደር ተሸጠ። ያ መከረኛ መዝገብ ዛሬ ወርቅ ሆኗል፤ ክፍሎቹን በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደነበሩ አድርገው ያደሱት እሱን ተከትለው ነው። የአልጋ ሳጥኑን እይ፤ ግድግዳ ውስጥ የተሰካ፣ በር ያለው፣ እግር የማያስዘረጋ።


ሮማን | ዩትሬኽት

ምድር ቤት ያለውን ማዕድ ቤት እንዳያልፈው፤ ከሁሉም ክፍል የሚሞቀው እሱ ነው። ሠራተኛዋ የምትተኛውም እዚያው ነበር።


መዝገቡ | ጎንደር

ጋሽ ግንበኛው ስለ ጋራ ግድግዳ ካነሱ አይቀር፣ ሬምብራንትም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። በ1650ዎቹ ጎረቤቱ ዳንኤል ፒንቶ ቤቱ እየሰመጠ ስላስቸገረው መሠረቱን ሲያስጠግንና ከፍ ሲያስደርገው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ ወጪ የማን ነው በሚል ተጣልተዋል።


ግንበኛው | አዲስ አበባ

የሬምብራንትን ሥዕል ስወድ ኖሬያለሁ። በግድግዳው ነገር ግን የምፈርደው ለፒንቶ ነው።